ለሚከራይ ቤት የቱ ቦይለር ይሻላል?

ከየጁቤም ከቢቸናም ከሞጣም ቤት የምታከራዩ ሰዎች በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ኢንስታንቱ ትንሽ ስለሆነ መብራት አይበላም አይደል?» ኧረ ይበላል! እንደ ኤሌክትሪክ ባለሙያ ለሚከራይ ቤት አልመክረውም።

5,500 ዋት የሆነ ኢንስታንት (ውሃውን ሳያጠራቅም እያሳለፈ የሚያሞቀው) በ220 ቮልት 25 አምፔር ይስባል። ባለ 1,500 ዋት ቦይለር ግን 7 አምፔር ገደማ ነው። ግቢው በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀም ከሆነ፣ አንዱ ተከራይ ሲታጠብ ሌላዋ ምጣድ ስትጥድ ብሬከሩ ይወርዳል። ሮቶው ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ ደግሞ ግፊት ስለሚያንሰው ኢንስታንቱ ጭራሽ ላይሠራ ይችላል።

ስለዚህ ቦይለር ግዙ፤ ለአንድ ቤተሰብ ባለ 50 ሊትሩ ይበቃል፤ ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ያሞቃል።

አሁን ዋናው ነገር። የቦይለሩ ሴፍቲ ቫልቭ ሲያንጠባጥብ «ተበላሸ» ብለው የሚደፍኑት አሉ። እባካችሁ! ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፤ መውጫ ካጣ ታንከሩ ሊፈነዳ ይችላል። የመሬት ሽቦ በሌለበት ቤትም አታስገጥሙ፤ ሰው ይገድላል።

ለተከራያችሁ ይህን ንገሩት፦ አዲስ ሲገጠም ወይም ታንከሩ ባዶ ሲሆን የሙቅ ውሃው ቧንቧ ሳያቋርጥ እስኪፈስ ቦይለሩን አያብራ። ባዶውን ከበራ ማሞቂያው ይቃጠላል።

ጥያቄ ያላችሁ የቆጣሪውንና የሮቶውን ፎቶ አያይዛችሁ ጻፉልኝ።