ቆጥ ላይ ያለው ካሴት

ኅዳር ላይ ይርጋጨፌ አካባቢ ያለው አሪቻ እንቅልፍ የለውም። ቀን የተለቀመው ቀይ የቡና እሸት ማምሻውን በአህያ፣ በሞተርና በሰው ትከሻ ወደ ማጠቢያው ይገባል፤ ሌሊቱን ሲፈለፈል ያድራል። ከእነዚህ ምሽቶች በአንዱ፣ ሚዛን እስኪደርሳቸው ወረፋ ከያዙት መካከል አንድ ወጣት ስልኩን አውጥቶ የቆየ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ዘፈን ከፈተ። ሱፍ የለበሰ ዘፋኝ፣ ከኋላው በረድፍ የተቀመጡ ትራምፔትና ሳክስፎን ነፊዎች፣ ከእነሱ ኋላ ደግሞ መጋረጃ። ጆንያቸው ላይ የተቀመጡ አንድ አዛውንት አንገታቸውን አሰገጉ። «እስቲ ደግመህ አምጣት» አሉት። «ይቺን እኮ ዲላ፣ ቀበሌ አዳራሽ ቆመን ነው ያየናት።» ልጁም «ጋሼ፣ ያኔ እኔ አልተወለድኩም» ብሎ ከመጀመሪያው አስጀመረላቸው። ሁለት ጊዜ አዩት። በሦስተኛው ኔትወርኩ ሄደ።

እኔን የያዘኝ ግን ከምስሉ ግርጌ የሚንቀጠቀጥ አንድ ነጭ ጭረት ነበር። ያን ጭረት የሚያውቅ ሰው ምስሉ በምን ዓይነት እጅ እንዳለፈ ይገምታል። በቪኤችኤስ ማጫወቻ ሆድ ውስጥ ጋደል ብሎ የተተከለ፣ ከበሮ የሚመስል ብረት አለ። እኛ አገር በሚሠራበት በፓል ሥርዓት በሰከንድ 25 ጊዜ ይሽከረከራል። ከበሮው ላይ ፊትና ኋላ የተቀመጡ ሁለት «ሄዶች» አሉ። 12.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የካሴቱ ክር ከበሮውን በግማሽ አቅፎ ሲያልፍ አንደኛው ሄድ ሰያፍ መስመር ይጽፍና ተራውን ለሌላኛው ይለቃል። ርክክቡ የሚፈጸመው ምስሉ ሊያልቅ ሲል፣ በመጨረሻዎቹ መስመሮች ላይ ነው፤ ጭረቱ የዚያ ርክክብ አሻራ ነው። የድሮው ባለ ሆድ ቴሌቪዥን የምስሉን ጠርዝ በክፈፉ ስለሚሸፍነው ማንም አያየውም ነበር። ስልክ ግን ምስሉን እስከ ጫፉ ድረስ ያሳያል።

እንግዲህ ያ ዘፈን ከጣቢያው መዝገብ ቤት ወጥቶ አሪቻ የደረሰ አይመስለኝም። አንድ ሰው፣ ምናልባት በበዓል ዋዜማ፣ እንግዶቹ ጠጅ ሲጠጡ እሱ ተነስቶ ቀይዋን ቁልፍ ተጭኗል። ላስተዋውቃችሁ የፈለግሁት ይህን ዕቃ ነው፤ በየቤቱ ተጥሎ ያለውን የቪዲዮ ካሴትና በውስጡ ያስቀረውን የቴሌቪዥን የሙዚቃ ትርኢት።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል በሚከበርበት ዕለት ነው። ጣቢያውን ለማቋቋም የረዳው ቶምሰን የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ሲሆን ስቱዲዮው የነበረው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንጻ ውስጥ ነው። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ቀለም የመጣው ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1977 ዓ.ም.፣ ደርግ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት ሲያከብር ነው። የእኛ ጣቢያ በጀመረበት በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1964፣ ገና በጃንዋሪ 1፣ ቢቢሲ ማንችስተር ውስጥ ድሮ ቤተ ክርስቲያን በነበረ ሕንጻ «ቶፕ ኦፍ ዘ ፖፕስ» የተሰኘ የሙዚቃ ትርኢት ጀምሮ ነበር። እኛና እነሱ በአንድ ዓመት ጀመርን ማለት ነው። የደረሰባቸው ጥፋት ለእኛም ትምህርት ስለሚሆን ትንሽ እንቆይበት።

ትርኢቱ ቀላል ነበር። በሳምንቱ በብዛት የተሸጡ ዘፈኖች ደረጃ ይነገራል፣ ዘፋኞቹ ስቱዲዮ መጥተው ይታያሉ፣ ወጣቶች ዙሪያቸውን ይጨፍራሉ፣ መጨረሻ ላይ አንደኛ የወጣው ዘፈን ይሰማል። በዚህ መልክ እስከ እ.ኤ.አ. 2006 ድረስ ከ2,200 ጊዜ በላይ ቀረበ። የአንድ ትውልድ እንግሊዛዊ ሐሙስ ማታውን የሚያስታውሰው በእሱ ነው። ሆኖም ያ ትውልድ ልጅነቱን መልሶ ሊያይ ሲፈልግ መደርደሪያው ባዶ ሆኖ ጠበቀው። ከፈረንጆቹ 1960ዎቹ ትርኢቶች ሙሉ ሆነው የተገኙት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ያጠፋቸው እሳት ወይም ጎርፍ አይደለም። በዘመኑ ቴሌቪዥን የሚቀረጸው አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ባለው ክር ላይ ነበር። መሣሪያውን አምፔክስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1956 ነው ያወጣው። አንዱ ጥቅል ክር እጅግ ውድ ነበር፤ ደግሞም ተሰርዞ እንደገና መቀረጽ ይችላል። የዘፈን ትርኢት የዛሬ ነው፣ ነገ ማንም አይፈልገውም ተባለ። ስለዚህ ያለፈው ሐሙስ ተሰረዘና በላዩ ሌላ ተቀረጸበት። ውሳኔውን የወሰኑት ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ በጀታቸውን የሚቆጥቡ ጠንቃቃ ሠራተኞች ነበሩ። ይህ ይበልጥ ያሳዝነኛል። በእኛም መሥሪያ ቤቶች ወረቀትና ክር ሲጣል ያየ ሰው ያ ቁጠባ የቱን ያህል ተገቢ መስሎ እንደሚታይ ያውቀዋል።

ከጠፋው የተመለሰው ጥቂቱ ደግሞ የተመለሰው በግለሰቦች እጅ ነው። ዴቪድ ቦዊ በጃንዋሪ 1973 «ዘ ጂን ጂኒ» የተባለውን ዘፈኑን በዚያ ትርኢት ያቀረበበት ምስል ለዘለዓለም ጠፋ ተብሎ ነበር። ጆን ሄንሾል የተባለ የዚያን ዕለት ካሜራ ሠራተኛ ግን ለራሱ አንድ ቅጂ አስቀርቶ ኖሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጣ። ቢትልሶች በ1966 ስቱዲዮ ተገኝተው የቀረቡበትም የጣቢያው ቅጂ የለም። በ2019 አንድ ቤተሰብ ቤቱ ቁጭ ብሎ የቴሌቪዥኑን መስታወት በፊልም ካሜራ ያነሳው፣ ድምፅ የሌለው የ11 ሰከንድ ቁራጭ ተገኘ። ሕዝቡ ግን እንደ ብርቅ ተቀበለው። 11 ሰከንድ! ጉጉቱ ከአሪቻው አዛውንት ጉጉት ጋር አንድ ነው። «ሬዲ ስቴዲ ጎ» የተባለውን ሌላውን ትርኢት ደግሞ ከተረፉት ክፍሎች ጋር መብቱን የገዛው ራሱ ከበሮ መቺ የነበረው ዴቭ ክላርክ ነው።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ የድምፁ ነገር ከምስሉ ይሻላል። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የሸክላ ማሳተሚያውን ከፍቶ ከ100 በላይ ሸክላዎች አውጥቷል፤ አሊ አብደላ ካይፋም በበኩሉ ሸክላ አሳትሟል። ሸክላ በብዙ ቅጂ ይታተማል፣ በየቡና ቤቱና በየሳሎኑ ይበተናል። አንዱ ቢሰበር ሌላው ይገኛል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ «ኢትዮፒክስ» ብሎ ያንን ሙዚቃ በሲዲ ለዓለም ሲያሰማ የሚነሳበት መሠረት ያገኘው ሙዚቃው በሸክላ ታትሞ ስለነበረ ነው። የቴሌቪዥን ትርኢት ግን አይታተምም። አንድ ዋና ክር አለው፤ እሱ ከተሰረዘ ወይም ከሻገተ፣ አለቀ።

ሸክላው የጥላሁን ገሠሠን ድምፅ ያሰማናል፤ ማይክሮፎኑን እንዴት ይይዝ እንደነበር አይነግረንም። ዓለማየሁ እሸቴ ሲጮህ እንሰማለን፤ ፀጉሩን አበጥሮ መድረኩን እንዴት ይይዘው እንደነበር ለማየት ምስል ያስፈልጋል። ብዙነሽ በቀለ ስትዘፍን ፊቷ ላይ ምን ይታይ ነበር? ለዘፈን አፍቃሪ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። «ኅብረ ትርኢት» የተባለው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የመዝናኛ ዝግጅትና የዘመን መለወጫ ዋዜማ ፕሮግራሞች በእኔ ግምት የአገራችን «ቶፕ ኦፍ ዘ ፖፕስ» ናቸው። የደረጃ ሰንጠረዥ አልነበራቸውም፤ ግን አገሩ ሁሉ በአንድ ሰዓት በአንድ መስኮት ያያቸው ነበር። ሌላ ጣቢያ ስላልነበረ የየአንዳንዱ ሰው ትዝታ የሁሉም ትዝታ ነው። በድርቁ ጊዜ ለተደረገ ርዳታ ምስጋና በ1980 ዓ.ም. ገደማ ዓለምን የዞረው የ«ሕዝብ ለሕዝብ» የኪነት ቡድን ትርኢትም እስከ ዛሬ በየቤቱ የሚታየው በቪዲዮ ካሴት እየተገለበጠ ስለተረፈ ነው። ዛሬ «ትዝታችን በኢቢኤስ»ን የመሰለ ፕሮግራም አንጋፋዎቹን ጋብዞ ያለፈውን ሲያስታውሳቸው የሚታየው ፍቅር ከየት እንደመጣ ለመረዳት ከእነዚያ ዋዜማዎች ሌላ ምክንያት መፈለግ አያስፈልግም።

ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ዲላና ከእሷ በስተደቡብ ባለው ይርጋጨፌ አካባቢ ጉዳዩ ሌላ መልክም አለው። እነዚህ ከተሞች ያሉበት ጌዴኦ በደርግ ጊዜ በሲዳሞ ክፍለ ሀገር ሥር አውራጃ ነበር። በዚያ ዘመን በየአውራጃውና በየቀበሌው የኪነት ቡድን ይቋቋም ነበር፤ ወጣቶች በአንድ ዓይነት ልብስ ይወጣሉ፣ የአካባቢውን ዘፈንና ጭፈራ ያቀርባሉ። ከዚያም ወዲህ የጌዴኦ ባህላዊ የዳራሮ በዓል፣ ሠርግና ለቅሶ በቪዲዮ መቀረጽ ጀመረ። ብዙው የጌዴኦ ሕዝብ ፕሮቴስታንት ስለሆነ፣ አሪቻ ውስጥ በክብር የተቀመጠ ካሴት ከተገኘ የመዘምራን ዝማሬ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ለእኔ እሱም ከጥላሁን ምስል እኩል ነው። አዲስ አበባ ላይ የተቀረጸው ቢያንስ የሚፈልገው ብዙ ሰው አለው። በጌዴኡፋ ቋንቋ የተዘፈነ፣ በአንድ ካሜራ፣ በአንድ ካሴት የተቀረጸ ትርኢት ግን ባለቤቱ ከጣለው ሌላ ጠያቂ የለውም።

ጌዴኦ ለማቆየት አዲስ አይደለም። ቱቱ ፈላና ጨልባ ቱቲቲ ላይ የቆሙት ትክል ድንጋዮች ለብዙ መቶ ዓመታት ቆይተዋል፤ እንሰቱና ቡናው በዛፍ ጥላ ሥር አብረው የሚያድጉበት መልክዐ ምድርም እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ክር ግን እንደ ድንጋይ አይደለም። ፕላስቲክ ላይ በሙጫ የተለጠፈ የብረት ብናኝ ነው። ሙጫው እርጥበት ሲጠጣ ይለሰልሳል፣ ብናኙ ይረግፋል። ጌዴኦን የመሰለ ዝናብ የማይለየው አገር ላይ ደግሞ ነጭ ሻጋታ ጠርዙ ላይ ይወጣል። ቆጥ ላይ የተቀመጠውን ካሴት፣ እንጨቱን ከነቀዝ የሚጠብቀው ጭስ እሱንም የሚጠብቀው ይመስላል፤ ለክር ግን ጭሱና የምድጃው ሙቀት ሁለቱም ጠላቶቹ ናቸው። ማጫወቻውም እያለቀ ነው። የመጨረሻው ትልቅ አምራች የጃፓኑ ፉናይ ቪኤችኤስ መሥራት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ዩኔስኮና የድምፅና ምስል መዛግብት ባለሙያዎች ማኅበር በ2019 ባወጡት ማስጠንቀቂያ የክር ቅጂዎችን ወደ ኮምፒውተር ለማዛወር የቀረው ጊዜ እስከ 2025 ገደማ ብቻ ነው ብለው ነበር። ያ ቀን ደርሷል። አሁን የምናወራው ስለ ትርፍ ጊዜ ነው።

ስለዚህ ቤታችሁ የቪዲዮ ካሴት ያለ ሰዎች፣ በተለይ ዲላ፣ ወናጎ፣ ይርጋጨፌና አሪቻ ያላችሁ፣ ነገ ፈልጉት። ከቆጡ አውርዳችሁ ጭስ በሌለበት፣ ደረቅና ቀዝቀዝ ባለ ቦታ እንደ መጽሐፍ አቁማችሁ ደርድሩት። ነጭ ሻጋታ ካያችሁበት ማጫወቻ ውስጥ አትክተቱት፤ ሻጋታው ሄዱን ያበላሻል፣ ቀጥሎ የሚገባውንም ካሴት ይበክላል። ከካሴቱ ጀርባ በስተግራ በኩል ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ ስበሩ፤ እሷ ከሌለች ማንም በስህተት በላዩ መቅረጽ አይችልም። ላዩ ላይ ማን እንደዘፈነ፣ የት እንደተቀረጸና በየትኛው ዓመት እንደሆነ በእስክሪብቶ ጻፉበት፤ የሚያውቀው ሰው በሕይወት ሳለ። ከዚያ የሚሠራ ማጫወቻ ያለው ፎቶ ቤት ወይም ቪዲዮ ቀራጭ ፈልጋችሁ ወደ ኮምፒውተር አስገልብጡት። የአንድ ሰዓት ካሴት ለመገልበጥ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ከዚያ የሚያፋጥን አቋራጭ የለም። ከገለበጣችሁም በኋላ ካሴቱን አትጣሉት።