መኪናዎ ምን ይመዘግባል? ለማንስ ይናገራል?

በኖቬምበር 2011 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የማሳቹሴትስ ምክትል ገዥ የነበሩት ቲሞቲ መሬይ የመንግሥት መኪና ብቻቸውን ሲነዱ በማለዳ ከመንገድ ወጥተው ተጋጩ። መኪናው ከጥቅም ውጭ ሆነ፤ እሳቸው ግን ከባድ ጉዳት ሳይደርስባቸው ተረፉ። ከፍጥነት ወሰኑ እንዳላለፉና ቀበቶ አስረው እንደነበር ተናገሩ። በመኪናው ውስጥ የተገኘው መዝገብ ይፋ ሲሆን ግን ፍጥነታቸው በሰዓት 108 ማይል፣ ማለትም 174 ኪሎ ሜትር ገደማ ደርሶ ነበር፤ ቀበቶውም አልታሰረም። 555 ዶላር ተቀጡ።

መኪና በሹፌሩ ላይ ሊመሰክር ይችላል ማለት ነው። ታዲያ መኪናችን ቀን ከሌት ይከታተለናል? የመዘገበውንስ ማን ያየዋል? አብዛኛው ሰው የሚፈራው ይህን “ጥቁር ሳጥን” የሚባለውን መሣሪያ ነው። ይበልጥ ሊያሳስበው የሚገባው ግን ሌላ ነው።

የሳጥኑ ሥራ

ስሙ ሳጥን ይሁን እንጂ ለብቻው የተቀመጠ ዕቃ አይደለም። ኤርባግ መቼ መፈንዳት እንዳለበት የሚወስነው ትንሽ ኮምፒውተር አካል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከፊት ወንበሮች መሃል፣ ከወለሉ ላይ ነው። መኪናው በሚሄድበት ጊዜ መረጃ እየያዘ ወዲያው በአዲስ ይተካዋል። ይዞ የሚያስቀረው ግጭት ሲፈጠር ብቻ ነው። በአሜሪካ ደንብ መሠረት የመኪናው ፍጥነት በሰከንድ ክፍልፋይ ውስጥ በ8 ኪሎ ሜትር በሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ከተለወጠ መሣሪያው ክስተቱን ይመዘግባል። ኤርባግ የፈነዳበት መዝገብ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ቀላል ግጭት ከሆነ ግን በኋላ በሌላ ሊተካ ይችላል።

ከሴፕቴምበር 2012 ወዲህ የተሠሩና መሣሪያው ያላቸው መኪኖች ቢያንስ 15 ዓይነት መረጃ መያዝ አለባቸው። ከእነዚህ መካከል ፍጥነት፣ የነዳጅ ፔዳሉ ምን ያህል እንደተረገጠ፣ ፍሬን መያዝ አለመያዙ፣ የሹፌሩ ቀበቶ መታሰር አለመታሰሩ እና ኤርባጉ በስንት ሚሊ ሰከንድ እንደፈነዳ ይገኙበታል። ከግጭቱ በፊት የሚያስቀረው 5 ሰከንድ ብቻ ነበር። የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት በዲሴምበር 2024 ባወጣው ደንብ ግን ይህ ለወደፊት መኪኖች ወደ 20 ሰከንድ ከፍ እንዲል ወስኗል። በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከጁላይ 2024 ጀምሮ ማንኛውም አዲስ የቤት መኪና ያለዚህ መሣሪያ ሊሸጥ አይችልም።

በደንቡ የግዴታ ዝርዝር ውስጥ ድምፅ የለም፤ የነበሩበት ቦታም የለም፤ መሪውን የያዘው ማን እንደሆነም የለም። መዝገቡን ለማንበብ ደግሞ ልዩ መሣሪያ ከመኪናው ጋር ማገናኘት ያስፈልጋል።

መረጃው የማን ነው?

የአሜሪካ ኮንግረስ በ2015 ያጸደቀው የሹፌሮች የግል መረጃ ሕግ መልሱን በግልጽ አስቀምጧል፤ መረጃው የመኪናው ባለቤት ንብረት ነው፤ መኪናው በሊዝ የተያዘ ከሆነ ደግሞ የተከራዩ። ሌላ ሰው ሊያወጣው የሚችለው በፍርድ ቤት ትዕዛዝ፣ በባለቤቱ ፈቃድ፣ ለአስቸኳይ ሕክምና፣ ለፌዴራል የአደጋ ምርመራ ወይም ማንነት ለማይገለጽበት የደህንነት ጥናት ሲሆን ነው። የጆርጂያ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2019 ፖሊስ አደጋ ከደረሰበት መኪና ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ መረጃ ማውጣቱ ትክክል እንዳልነበረ ወስኗል።

አንዳንድ ግዛቶች ተጨማሪ ሕግ አላቸው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ቨርጂኒያ የኢንሹራንስ ኩባንያ ደንበኛው የመኪናውን መዝገብ አላሳይም ስላለ ብቻ ውል ላድስልህ አልችልም ሊለው አይችልም።

ሆኖም “የባለቤቱ ነው” የሚለው ቃል ባለቤትነቱ ሲዛወር ይዛወራል። መኪናው ከጥቅም ውጭ ተብሎ ኢንሹራንሱ ዋጋውን ከፍሎ ሲረከበው፣ በአብዛኛው ሳጥኑም አብሮ ይሄዳል።

የሚያሳስበው የቱ ነው?

ዛሬ ብዙ አዳዲስ መኪኖች የራሳቸው ሲም ካርድ አላቸው፤ ከአምራቹ ጋር ዘወትር በኢንተርኔት ይገናኛሉ። ይህ መስመር ከጥቁር ሳጥኑ ጋር አይያያዝም፤ የ2015ቱ ሕግም አይሸፍነውም። ግጭት አይጠብቅም፤ የሚያቆየውም ሰከንዶችን አይደለም።

በማርች 2024 ኒውዮርክ ታይምስ አንድ የሲያትል አካባቢ ነዋሪ የደረሰበትን ጻፈ። ሰውየው የሚነዳው ሼቭሮሌት ቦልት ነበር፤ አደጋ አድርሶ አያውቅም፤ የኢንሹራንስ ክፍያው ግን 21 በመቶ ጨመረበት። ሌክሲስኔክሲስ ከተባለው መረጃ ሻጭ ድርጅት ፋይሉን ሲጠይቅ 258 ገጽ ተላከለት። እሱና ሚስቱ በስድስት ወር ያደረጉት 640 ጉዞ ተመዝግቧል፦ መቼ ተነሡ፣ መቼ ደረሱ፣ ስንት ማይል ሄዱ፣ ስንት ጊዜ ፍሬን በድንገት ያዙ። መረጃውን የሰጠው የመኪናው አምራች ጄኔራል ሞተርስ ነበር። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በጃንዋሪ 2025 ኩባንያው የደንበኞችን የቦታ መረጃ አንዳንዴ በየ3 ሰከንዱ ይሰበስብ እንደነበር ገልጾ፣ ለእንዲህ ያሉ ድርጅቶች ለአምስት ዓመት እንዳይሰጥ የሚከለክል ስምምነት አስታወቀ።

ሹፌሮቹ ጨርሶ አልተጠየቁም ማለት ይከብዳል፤ አዲሱን መኪና ሲረከቡ ከሚጫኑት ብዙ “እስማማለሁ” አንዱ ይህን የመረጃ ማሰባሰብ የሚመለከት ነበር።

ምን ማድረግ ይቻላል?

የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ያንብቡ፤ በአሜሪካ ጥቁር ሳጥን ካለው ይህንኑ መግለጽ ግዴታ ነው። ከዚያ የመኪናውን ስክሪንና በስልክዎ ያለውን አፕ ከፍተው የአነዳድ ውጤትን ወይም የመረጃ ማጋራትን የሚመለከተውን ይዝጉ። በአሜሪካ ከሆኑ ሌክሲስኔክሲስ ስለ እርስዎ የያዘውን ፋይል በነፃ የመጠየቅ መብት አለዎት። መኪናውን ከመሸጥዎ በፊት ስልክዎን ከመኪናው ያላቅቁ፣ አካውንትዎን ያጥፉ።

አደጋ ከደረሰብዎትና ጥፋቱ የሌላው ነው ብለው ካመኑ ደግሞ ሳጥኑ ሊጠቅምዎት ይችላል፤ ፍሬን መያዝዎን ያሳያል። ስለዚህ የመኪናውን ባለቤትነት ለኢንሹራንስ አሳልፈው ከመፈረምዎ በፊት ጠበቃ አማክረው መረጃው በባለሙያ እንዲወጣ ያድርጉ። ከፈረሙ በኋላ የሚፈቅደውም የሚከለክለውም ሌላ ሰው ይሆናል።