ናፍጣ በዋልካ መሬት ላይ

በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ መብራት ባልደረሰባቸው የገጠር ቀበሌዎች ወፍጮ የሚዞረው በናፍጣ ሞተር ነው፤ ነዳጁም በ200 ሊትር በርሜል ይቀመጣል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ለቤት ማሞቂያ ጓሮ የተቀበረ የነዳጅ ታንክ ሲዝግ አፈር ይበክላል። እዚህ ያንኑ ጉዳት የሚያደርሰው የሚያንጠባጥበው በርሜል ነው። በሴኮንድ አንድ ጠብታ የምትጥል ቧንቧ በቀን ሁለት ሊትር ገደማ ታፈሳለች። በርሜሉ ስር ያለው አፈር ይጠቁራል፣ ሣርም አያበቅልም።

ጉዳቱን የሚያከብደው የመሬቱ ጠባይ ነው። ዋልካ በበጋ ሲደርቅ በሰፊው ይሰነጠቃል፤ የፈሰሰውም ናፍጣ አፈሩ ሳያጣራው በንቃቃቱ ወደ ታች ይወርዳል። በክረምት ደግሞ አፈሩ አብጦ ይገጥማል፤ ናፍጣ ከውሃ ስለሚቀል በጎርፉ ላይ ተንሳፎ ወደ ወንዝ ይሄዳል። የጉድጓድ ውሃ ናፍጣ ከሸተተ መጠጣት የለበትም፤ ማፍላት አያጠራውም።

በርሜል በባዶ መሬት ላይ ባይቀመጥ ይመረጣል። ወለሉ ሲሚንቶ ሆኖ ዙሪያው በግድግዳ ቢታጠር፣ ግድግዳውም 220 ሊትር መያዝ ቢችል፣ በርሜሉ ቢቀደድ እንኳ ነዳጁ ከዚያ አያልፍም። ናፍጣ ሲቀዳ ስር ሳፋ ማድረግ፣ የቧንቧውን መጋጠሚያ በየጊዜው በእጅ መዳሰስም ይጠቅማል። ብዙው ብክለት በጥቂት ከረጢት ሲሚንቶ ሊቀር የሚችል መሆኑ ያሳዝናል።

ከፈሰሰ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ እሳት ማራቅና ቀዳዳውን መድፈን ነው። ቀጥሎ ፍሳሹ በአፈር ይታገድና አመድ፣ ሰጋቱራ ወይም የጤፍ ገለባ ይነሰነስበታል። በውሃና በሳሙና ማጠብ ነዳጁን ወደ ጥልቅ ይሰዳል እንጂ አያጸዳውም። የተበከለው አፈር ሽታው እስኪጠፋ ተቆፍሮ ይወጣል፤ በዋልካ ላይ ቁፋሮው ንቃቃቱን መከተል አለበት።

የወጣው አፈር ከመኖሪያና ከውሃ ርቆ፣ ላስቲክ ላይ ከ30 ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት ይሰጣል። ናፍጣን የሚበሉት ደቂቅ ህዋሳት አየር፣ እርጥበትና ናይትሮጅን ስለሚፈልጉ ፍግና ትንሽ ዩሪያ ይደባለቅበታል። በየሳምንቱ ይገለበጣል፤ ውሃ ግን አይተኛበትም፤ ዝናብ ሲመጣም ይሸፈናል። ሥራው ወራት ይፈጃል። ሽታ መጥፋቱ ብቻ ስለማያስተማምን፣ በላቦራቶሪ ካልተመረመረ በቀር ወደ ጎመን መደብ አይመለስም።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲሸፍን ያስገድዳል።