የመንግሥት የልማት ድርጅቶችና የኢንዱስትሪ ዕድገት፦ ከፖስኮ ተሞክሮ የሚገኝ ትምህርት

የመንግሥት የልማት ድርጅቶች ለኢንዱስትሪ ዕድገት የሚያበረክቱት ድርሻ ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው በባለቤትነት ነው። የደቡብ ኮሪያው የብረት አምራች የፖስኮ ታሪክ ግን ከባለቤትነት ይልቅ ድርጅቱ የሚማርበትና የሚጠየቅበት ሥርዓት ወሳኝ መሆኑን ያመለክታል።

ፖስኮ በ1968 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም አገሪቱ በቂ የብረት ማዕድንም ሆነ ለማቅለጫ የሚሆን የድንጋይ ከሰል አልነበራትም። የዓለም ባንክም ዕቅዱን አዋጭ አይደለም በማለት ሳይደግፈው ቀረ። በዚህም የተነሣ መንግሥት በ1965ቱ ስምምነት መሠረት ከጃፓን ከተገኘው ገንዘብ ከፊሉን ለፋብሪካው አዋለ፤ ቴክኖሎጂውም ከጃፓን ብረት አምራቾች ተገኘ። የፖሃንግ ፋብሪካ በ1973 በዓመት 1.03 ሚሊዮን ቶን የማምረት ዐቅም ይዞ ሥራ ጀመረ፤ በ1983 ዐቅሙ 9.1 ሚሊዮን ቶን ደረሰ።

ለዚህ ውጤት ሦስት ምክንያቶችን መጥቀስ ይቻላል። አንደኛው የመማር ሥርዓት ነው። መሐንዲሶች አስቀድመው በጃፓን ሠለጠኑ፤ በ1980ዎቹ የግዋንግያንግ ፋብሪካ ሲገነባ የኮሪያውያን ባለሙያዎች ድርሻ ከመጀመሪያው እጅግ የላቀ ነበር። ድርጅቱ በ1986 የራሱን የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም አቋቋመ። ሁለተኛው ከሌሎች ዘርፎች ጋር ያለው ትስስር ነው፤ ለመርከብና ለመኪና አምራቾች ብረት በተመጣጣኝ ዋጋ ቀረበ። ሦስተኛው የአመራር ነጻነት ነው። ፕሬዚዳንት ፓርክ ቹንግ ሂ በ1970 የመሣሪያ ግዥ ከፖለቲከኞች ጣልቃ ገብነት ነጻ እንዲሆን በፊርማቸው አጽድቀዋል።

በኢትዮጵያ በ2010 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን በንጽጽር ሲታይ ልዩነቱ ጎልቶ ይወጣል። ኮርፖሬሽኑ በአጭር ጊዜ የትራክተር መገጣጠምን፣ የስኳር ፋብሪካ ግንባታንና የሕዳሴ ግድብን የኤሌክትሮ ሜካኒካል ሥራ በአንድነት ተሸከመ። የግድቡ ሥራ በመጓተቱም ውሉን በ2018 ተነጠቀ። ሁለቱም ድርጅቶች ከሠራዊቱ በወጡ መኮንኖች መመራታቸው ሲታሰብ፣ የልዩነቱ ምንጭ የመሪዎቹ ወታደራዊ አመጣጥ ሊሆን አይችልም። ፖስኮ በአንድ ምርት ላይ አተኩሮ ደረጃ በደረጃ አደገ፤ ኮርፖሬሽኑ ግን ዐቅሙ ሳይፈተን ሥራው በዛበት።

ፖስኮ በ2000 ሙሉ በሙሉ ወደ ግል ተዛውሯል። የመንግሥት ባለቤትነት የግል ባለሀብት የማይደፍረውን ጅምር ለመሸከም ያስችላል፤ ዐቅም የሚገነባው ግን ድጋፉ ከሚለካ ውጤት ጋር ሲተሳሰር ነው።