ባለአምስት ክር ቤዝ ጊታር፦ ለእጅ የሚመች፣ ለኪስ የማይከብድ

በደጀን፣ በቢቸና ወይም በሞጣ በአነስተኛ በጀት ባለአምስት ክር ቤዝ ጊታር የሚገዛ ሙዚቀኛ ከመልኩ ይልቅ ምቾቱን አስቀድሞ ሊመዝን ይገባል። አምስተኛው ወፍራም ክር «ቢ» የሚባል ሲሆን፣ በሰከንድ 31 ጊዜ ያህል ስለሚርገበገብ ድምፁ 41 ጊዜ ከሚርገበገበው «ኢ» ከሚባለው ክር የወረደ ነው። የክሩ የሚርገበገብ ርዝመት በአብዛኞቹ 86 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ 89 የሆነው «ቢ»ን ይበልጥ ቢወጥረውም ጣትን ያራርቃል። ክሮቹ በድልድዩ፣ ማለትም በታችኛው ማሰሪያቸው ላይ፣ በ17 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲራራቁ አንገቱ ስለሚጠብ ለትንሽ እጅ ይቀላል፤ 19 ሲሆን ግን ክሩን በአውራ ጣት ለሚመታ ይመቻል። ከ4 ኪሎ ግራም እጅግ የሚበልጥ ጊታር ረጅም የሠርግ ሌሊት ለሚጫወት ትከሻ ስለሚከብድ፣ ቆሞ አንግቶ መሞከር ያስፈልጋል። አንገቱ ያልጎበጠ፣ «ቢ»ው ጥርት ብሎ የሚሰማ ያገለገለ ጊታር ከሚያብረቀርቅ ግን ከማይመች አዲስ ጊታር ይመረጣል።