ኤንትሬ ወይስ ቮልቮ?

ሳሪስ ላይ ስለ ከባድ መኪና ክርክር ማስነሳት ቀላል ነው። ጡረታ የወጡ ሁለት ሹፌሮች ቡና ይዘው በተቀመጡበት «ኤንትሬ ስሙ ገነነ እንጂ ያን ያህል መኪና አልነበረም» ብሎ ጣል ማድረግ ይበቃል። አንዱ ለኤንትሬ ጥብቅና ይቆማል፣ ሌላው ቮልቮን ያነሳል፣ ጎማ የሚለጥፈው ወጣት ደግሞ «ሲኖትራክ እያለ!» ብሎ ሁለቱንም ያስቆጣል። የክርክሩን ባለጉዳዮች በየተራ ላስተዋውቅ። ወገን እንዳለኝ ግን ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

ነገሩ ሳሪስ ላይ የሚነሳው በአጋጣሚ አይደለም። ከጎተራ ተነስቶ በንፋስ ስልክ፣ በአደይ አበባና በሳሪስ አድርጎ ወደ ቃሊቲ የሚወርደው የደብረ ዘይት መንገድ የአዲስ አበባ የወደብ በር ነው። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ከአሰብ የተነሳ ጭነት በባቲና በኮምቦልቻ አድርጎ፣ የደብረ ሲናን ዳገት ታግሎ፣ ጣርማበርን ወጥቶ በደብረ ብርሃን በኩል ነበር የሚገባው። ሚሌን ከአዋሽ የሚያገናኘው የአፋር መንገድ ከተሠራ በኋላ ግን የአሰብ መኪና ፊቱን ወደ አዋሽ፣ አዳማና ሞጆ አዞረ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር የተነሳው ጦርነት አሰብን ሲዘጋውና ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ሲገለበጥ ይህ በር ከቀድሞው ይበልጥ ተጨናነቀ። ጋራዡም፣ ጎሚስታውም፣ ቶርኖ ቤቱም፣ የመለዋወጫ ሱቁም መንገዱን ተከትሎ ነው እዚህ ሰፈር የከተመው።

የሁሉም አያት ትሬንታ ኳትሮ ነው። ፊያት 634ን ማለታችን ነው፤ ስድስት መቶውን ትተን በጣሊያንኛ ሠላሳ አራቱን ብቻ ያዝን። ቱሪን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1931 ሲወጣ ከጣሊያን የመጀመሪያዎቹ ከባድ የናፍጣ መኪናዎች አንዱ ነበር፤ ሀገሩ ላይ «ዝሆን» ይሉታል። ጉልበቱ 80 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ነው፤ ዛሬ አንዲት ትንሽ የቤት መኪና ከዚህ ትበልጣለች። አብሮት የመጣው ላንቺያ ሮ ደግሞ ይበልጥ ጉደኛ ነበር። ሁለት ሲሊንደር ብቻ ሲኖረው በእያንዳንዱ ውስጥ ሁለት ፒስተን ፊት ለፊት ይጋጠማል፤ አሠራሩ ከጀርመኑ ዩንከርስ በፈቃድ የተወሰደ ነው። እነዚህ መኪናዎች እኛ ዘንድ የደረሱት ከወራሪ ጦር ጋር ነው። በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ ባዶልዮ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ ከ1700 በላይ ተሽከርካሪ አሰልፎ ነበር፤ ያ ሁሉ ብረት ጣርማበር ላይ ሲደርስ መንገዱ ፈርሶ ጠበቀውና እስኪጠገን ድረስ ቆመ። ጦሩ ሲባረር መኪናው ቀረ። ስሙም ቀረ፤ ለረጅም ዘመን ትልቅ የጭነት መኪና ሁሉ በደፈናው ትሬንታ ኳትሮ ሲባል ኖሯል።

ጣርማበርን ካነሳን አይቀር፣ የኛ ሀገር መንገድ ሞተርን እንዴት እንደሚፈትን ማየት አለብን። አሰብ በባሕር ጠርዝ ላይ ናት፤ ጣርማበር ከ3000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይሳሳል። የድሮ ናፍጣ ሞተር አየሩን የሚስበው በራሱ ትንፋሽ ብቻ ስለሆነ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ፖምፓው ግን የሚረጨውን ናፍጣ አይቀንስም፤ አየር ያጣ ናፍጣ በቅጡ ሳይነድ ጥቁር ጭስ ሆኖ በማርሚታው ይወጣል። ዳገት ላይ ከአሮጌ መኪና ኋላ የተጓዘ ሁሉ ይህን ጭስ ያውቀዋል። ብዙ ጊዜ በሞተሩ እርጅና ቢሳበብም ከጥፋቱ እኩሌታው የከፍታው ነው።

አሁን ወደ ንጉሡ እንሂድ። ፊያት 682 የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1952 ሲሆን መመረቱ እስከ 1980ዎቹ ዘልቋል። ኤን ሦስት የተባለው ዝርያው በጣሊያንኛ አጠራር ኤንትሬ ሆኖ ገባልን። በአፍሪካ መንገድ ላይ ባሳየው ጽናት ጣሊያኖች ራሳቸው «የአፍሪካ ንጉሥ» ብለውታል። ኮፋኖ የለውም፤ ፊቱ ጠፍጣፋ ነው፣ ግንባሩ ላይ ጢም የመሰለ ብረት ግራና ቀኝ ተዘርግቷል። ስድስት ሲሊንደር፣ ከ10 ሊትር በላይ የሆነው ሞተሩ ካቢናው ውስጥ በሹፌሩና በረዳቱ መካከል ተቀምጧል። ደጋ ላይ ይህ ምቾት ነው። የአፋር በረሃ ውስጥ፣ ሎጊያና ዲቾቶ ላይ፣ በቀትር፣ ምድጃ አቅፎ መንዳት ነው።

መሪው በቀኝ ነበር። የጣሊያን ከባድ መኪናዎች ልማድ ነው፤ በተራራ መንገድ በቀኝ ጠርዝ የሚሄድ ሹፌር ጎማው ከገደሉ ምን ያህል እንደራቀ ቁልቁል ማየት አለበት ከሚል። እኛ እስከ 1956 ዓ.ም. በግራ ስንነዳ ቆይተን ወደ ቀኝ ስንዞር የኤንትሬ መሪ እዚያው ቀኝ ላይ ቀረ። ስለዚህ መቅደም ሲፈለግ ከፊት የሚመጣውን የሚያየው ሹፌሩ ሳይሆን በግራ የተቀመጠው ረዳት ሆነ። «ግባ» ሲል ተገባ፣ «ቆይ» ሲል ተቆየ። ስንት ነፍስና ስንት ኩንታል ደመወዙ ከምሳ በማይበልጥ ጎረምሳ ዓይን ላይ ተንጠልጥሎ እንደኖረ ሳስብ ይደንቀኛል። ዳገት ላይ መኪናው ሲዝል ታኮ ይዞ ዘሎ የሚወርደውና ከኋላ ጎማ ሥር የሚሸጉጠውም እሱ ነው። ካምቢዮ ሲወርድ ኪያቤ አቀባይ፣ ሌሊት ጭነት ጠባቂ፣ ሸራ ወጣሪ፣ ገመድ አሳሪ ሆኖ ዓመታት ካሳለፈ በኋላ ተሳቢ የሚያስነዳውን አምስተኛ መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ በሰፈሩ ሰርግ የተደገሰ ያህል ይወራ ነበር።

ኤንትሬ የተወደደው ግን ለፍጥነቱ ወይም ለጉልበቱ አይደለም። ይቅር ባይ ስለነበረ ነው። ከተፈቀደለት በላይ ይጫንበታል፣ ባሌስትራው ይሰበራል፣ በሽቦና በገመድ ታስሮ እስከሚቀጥለው ከተማ ይገባል። ቡሽ ሲያልቅ ቶርኖ ቤት ይቀረጽለታል። ጓርኒሲዮን ሲበላሽ ከካርቶን ቆርጦ የሚተካ መካኒክ አይጠፋም። ሽቦ የሚባል ነገር እምብዛም የለውም፤ ለመብራትና ለሞተር ማስነሻ ካልሆነ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ እሱም ሲጠፋ በቁልቁለት ተንደርድሮ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ1970 የተመሠረተው አምቼ ፊያትን እዚሁ አዲስ አበባ መገጣጠም ሲጀምር ደግሞ እጅ የለመደው የጣሊያን መኪና ይበልጥ ሥር ሰደደ። ኮፋኖ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ከመነዳሪ እያልን ዛሬ የቻይናውን መኪና የምንጠግነው በዚያው ቋንቋ ነው።

ታዲያ ቮልቮ ምን አመጣ? ትንፋሽ። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጡት አፍንጫ ያላቸው ኤን 10 እና ኤን 12 በቱርቦ የሚሠሩ ነበሩ። ቱርቦ ማለት በጭሱ ግፊት የሚሽከረከር ማራገቢያ ነው፤ የሳሳውን አየር አምቆ ወደ ሲሊንደር ይሰዳል። ደጋ ላይ ሌላው ሲያቃስት ቮልቮ ማርሹን ሳይቀንስ የሚያልፈው ለዚህ ነው። ሞተሩ ከካቢና ውጭ፣ ከፊት ስለሆነ ሹፌሩ አይጠበስም፤ ኮፋኖው ሲከፈት መካኒኩ ዙሪያውን ቆሞ ይሠራል። መሪው ለእጅ ይቀላል። የኤንትሬ ወገኖች «ቱርቦው ከሄደ በረሃ ላይ ቀረህ» ይላሉ፤ እውነት ነው፣ ቶርኖ ቤት የማይቀርጸው ነገር ነው። እኔ ግን ከቮልቮ ወገን ነኝ። ሰው ሳይደነቁር፣ ጀርባው ሳይሰበር ጡረታ የሚወጣበት መኪና ይሻላል።

የሶሻሊስቱን ዘመን መኪና በክርክሩ ውስጥ የሚያነሳ ብዙ የለም፤ ኡራልና ዚል የወታደር ናቸው ተብለው ይታለፋሉ። ዚል 130 ቤንዚን ጠጪ ስለነበር ነጋዴ ባይመኘው አያስገርምም። የምሥራቅ ጀርመኑ ኢፋ ግን ሊነገርለት የሚገባ ታሪክ አለው። ብራዚል ውስጥ ውርጭ የቡና ተክል ከፈጀ በኋላ የዓለም የቡና ዋጋ ሰማይ ነካ፤ ዶላር ያጠራት ምሥራቅ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1977 ከደርግ ጋር ተዋዋለችና የጦር መሣሪያና መኪና እየሰጠች ቡናችንን ወሰደች። በዚያ ሰሞን አስፋልቱ ላይ የሮጠ ኢፋ በጅማ ወይም በሐረር ቡና የተገዛ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

የዛሬዎቹ ስም ክፉ ነው። ኢሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎ ሕዝቡ ሰይሟቸዋል፤ ያለ ምክንያትም አይደለም። ግን መኪናውን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል። የሲኖትራክ ሆዎ ሞተር ዘሩ ከኦስትሪያው ስታየር ፈቃድ የመጣ ነው፤ በሀገራችን የተለመደው ባለ 371 የፈረስ ጉልበት ነው፣ ከመጀመሪያው ፊያት 682 ከሁለት እጥፍ በላይ። አሸዋ የሚያመላልሰው ሹፌር የሚከፈለው በምልልስ ከሆነ፣ ከባድ መኪና ቀን ቀን ከተማ እንዳይገባ ተከልክሎ ሥራው ወደ ሌሊት ከተገፋ፣ ያ ሁሉ ጉልበት በምን እንደሚጠፋ መገመት አይከብድም። ኤንትሬ ትዕግሥተኛ የሆነው በጠባዩ ሳይሆን ቢፈልግም መሮጥ ስለማይችል ነበር።

ለነገሩ ከባድ መኪና የሚመዘነው ሲወጣ ሳይሆን ሲወርድ ነው። 400 ኩንታል፣ ማለትም 40 ቶን፣ አንድ ሺህ ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ከ1000 ሊትር በላይ ውሃ ያፈላል። ያ ሙቀት አንድ ቦታ መሄድ አለበት። ሹፌሩ ፍሬን ብቻ ከረገጠ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ ይሸታል፣ ከዚያ መያዝ ይተዋል። «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚለው የድሮ ሹፌሮች ሕግ ሙቀቱን ከፍሬኑ ወደ ሞተሩ የማዛወር ጥበብ ነው። በዚህ በኩል የትኛውም ብራንድ ከሰውየው አይበልጥም። ኤንትሬን ከጣርማበር ያወረደ ሰው ሲኖንም ያወርደዋል፤ ግልባጩን ግን አላምንበትም።

ኤንትሬ ዛሬ አልፎ አልፎ ውሃ ወይም ድንጋይ ሲያመላልስ ይታያል። የቀሩት ተበታትነዋል፤ ባሌስትራቸው አንጥረኛ እጅ ገብቶ ማረሻና መጥረቢያ፣ ጎማቸው በረባሶ ሆኗል። በእኛው ክፍለ ከተማ በለቡ ጣቢያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 መደበኛ ሥራ የጀመረው የጅቡቲ ኤሌክትሪክ ባቡር ያልፋል። ባቡሩ ሹፌሮቹን ገና አላስፈራቸውም። ኮንቴይነሩን ኢንዶዴ ወይም ሞጆ ያራግፋል፤ ከዚያ እስከ መጋዘኑ በር የሚያደርሰው አሁንም ጎማ ነው፣ በኪሎ ሜትር ሲሰላም ጥሩ የሚከፍለው ያ አጭሩ መንገድ ነው ይላሉ።