ሻንጣና ምንዛሪ፤ ከጠዳ እስከ ካምፓላ

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር የሚወርድ መንገደኛ አዘዞን ካለፈ በኋላ ጠዳን ያገኛል። አይሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ስለሆነ የጠዳ ሰው አይሮፕላን ሲወጣና ሲወርድ ማየት ብርቁ አይደለም፤ ልጆች እንኳ ቀና ብለው ማየቱን ትተውታል። ሆኖም አይሮፕላንን በዓይን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ በአይሮፕላን ጓዝ ይዞ ድንበር መሻገር ደግሞ ሌላ ነው። ይህንንም ለማለት ያበቃን የጠዳ ልጅ በሆነ በአንድ ባልንጀራችን ላይ የደረሰው ነገር ነው። ዛሬ በእርሱ ላይ የደረሰ ነገ ከመካከላችን በአንዱ ላይ መድረሱ ስለማይቀር፤ ጉዳዩን ከሥሩ ጀምረን በተቻለን መጠን ለማስረዳት እንሞክራለን።

ባልንጀራችን ካምፓላ ላይ በሚደረግ የተማሪዎች ስብሰባ እንዲገኝ ተጋበዘ። የመሄጃውን ትኬት ጋባዦቹ ቻሉለት፤ መመለሻውን ግን ራሱ እንዲገዛ ሆነና ርካሽ ነው የተባለ የአንድ የውጭ ኩባንያ ትኬት ተገዛ። ስሙን እንተወው። እናቱ በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ በሶውንና ድርቆሹን አሰናዱ፤ እዚያ ለሚኖር የአክስቱ ልጅ የሚላከውም ተጨመረ። ሻንጣው በጠዳ ገበያ በአንድ የእህል ነጋዴ ሚዛን ላይ ወጥቶ ሲመዘን ልክ 23 ኪሎ ሆነ፤ እኛም ቆመን አይተናል። ከሚዛን ከወረደ በኋላ ግን አያቱ «ይችን ብቻ ልጄ፤ መንገድ ላይ ይርብሃል» ብለው አንድ ከረጢት ዳቦ ቆሎ አመጡ። «ኧረ እምዬ፤ ሞልቷልኮ» ቢል ማን ሊሰማው። የሄደበት ትኬት ሁለት ሻንጣ የሚፈቅድ ስለነበረ ዳቦ ቆሎውም በርበሬውም በደኅና ገቡ። ጣጣው የመጣው ሲመለስ ነው።

ሲመለስ በበርበሬው ቦታ መጽሐፍ ገብቷል። የእኛ ፋኩልቲ ተማሪ ካምፓላ ሄዶ መጽሐፍ ሳይገዛ እንዲመለስ የሚጠብቅ ካለ እኛን አያውቀንም ማለት ነው። ሻንጣው 27 ኪሎ ሆነ፤ የመመለሻው ትኬት የሚፈቅደው ግን 20 ኪሎ ብቻ ነበር። ለትርፉ ለ7 ኪሎ፤ በኪሎ 10 ዶላር ሒሳብ 70 ዶላር ክፈል ተባለ። በኪሱ አንድ የ50 ዶላርና አንድ የ10 ዶላር ኖት፤ እንዲሁም 2,400 ብር ነበረው። ብሩን ዘወር ብሎ ያየለት ሰው አልነበረም። የ50 ዶላሩን ኖት የመዝጋቢው ሠራተኛ አገላብጦ አየና «ይህ የድሮ እትም ነው፤ አንቀበልም» አለው። በሽልንግ ልክፈል ቢል፤ ኩባንያው አንዱን ዶላር በ3,900 የኡጋንዳ ሽልንግ ነው የማስበው አለ። ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ ያለው መንዛሪ ደግሞ ኖቱ አሮጌ ነው ብሎ በ3,300 ሒሳብ 165,000 ሽልንግ ሰጠው። እንግዲህ እናስላው፤ 165,000 ለ3,900 ሲካፈል 42 ዶላር ከጥቂት ሳንቲም ይሆናል። ሃምሳው ዶላር በሁለት መስኮቶች መካከል ሲመላለስ ወደ 8 ዶላር ገደማ ቀለጠ። በቀረው ገንዘብና በ10 ዶላሩ የ5 ኪሎ ከፈለ፤ 2 ኪሎ የሚመዝኑ ሦስት መጻሕፍት አውጥቶ ሊሸኘው ለመጣው የአክስቱ ልጅ ሰጥቶት መጣ። በኪሱ የቀረውን 9,000 ሽልንግ ጎንደር ከገባ በኋላ የጠየቃቸው ባንኮች ሁሉ አንመነዝርም አሉት። እስከ ዛሬም በመጽሐፉ መካከል ምልክት ሆኖ ይኖራል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው፤ ኪሎ እንዲህ ለምን ተወደደ የሚለው ነው። ሁለተኛው፤ አንዱ ዶላር በአንድ አዳራሽ ውስጥ እንዴት ሁለት ሦስት ዋጋ ይኖረዋል የሚለው ነው።

ስለ ኪሎው በመጀመሪያ የተፈጥሮ ምክንያት አለ። አይሮፕላን የሚነሣው በክንፉ ዙሪያ በሚያልፈው አየር ኃይል ነው፤ አየሩ ሲሳሳ የሚያነሣው ክብደት ይቀንሳል። የጎንደር ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ፤ የአዲስ አበባው ቦሌ ደግሞ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያሉ ናቸው። በሙቅ ቀን በእንዲህ ያለ ከፍታ የሚነሣ አይሮፕላን በባሕር ዳርቻ ካለ ከተማ እንደሚነሣው ያህል ሊጫን አይችልም። ስለዚህ ኪሎ በእኛ አገር ከሌላው ቦታ ይልቅ ይከብዳል ብንል ቀልድ ብቻ አይደለም።

ነገር ግን ዋጋው የተፈጥሮ ብቻ ነው የሚለውን አንቀበልም። በጥንቱ የኩባንያዎች ደንብ ለተራው መንገደኛ 20 ኪሎ፤ ለአንደኛ ማዕረግ 30 ኪሎ በነጻ ይፈቀድ ነበር። ከዚያ ለሚተርፈው ለእያንዳንዱ ኪሎ የአንደኛው ማዕረግ የአንድ መንገድ ዋጋ ከመቶ አንድ እጅ ይከፈል ነበር። ደንቡ ጨካኝ ቢሆንም ግልጽ ነበር። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1970ዎቹ ጀምሮ፤ በመጀመሪያ ከአሜሪካ ጋር በሚያገናኙት መስመሮች፤ ጓዝ በኪሎ መመዘኑ ቀርቶ በሻንጣ ቁጥር መቆጠር መጣ፤ ሁለት ሻንጣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ የሚለው ልማድ የዚህ ልጅ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በብዙዎቹ የውጭ አገር መስመሮቹ በዚሁ ይሠራል። አንድ ሻንጣ ከ32 ኪሎ እንዳይበልጥ የሚከለክለው ደግሞ አይሮፕላኑ ስለማይችለው ሳይሆን የሚያነሣው ሠራተኛ ወገብ እንዳይቀጭ ነው። ይህን ደንብ እንወደዋለን።

ነገሩ የተለወጠው በፈረንጅ አቆጣጠር በ2008 ነው። የነዳጅ ዋጋ በተሰቀለበት በዚያ ዓመት አሜሪካን ኤርላይንስ በአገር ውስጥ በረራ ለመጀመሪያው ሻንጣ 15 ዶላር ማስከፈል ጀመረ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ ያሉ ብዙ ኩባንያዎች የትኬቱን ዋጋ ዝቅ አድርገው ያሳዩና ሻንጣውን ለብቻው ይሸጣሉ። ርካሽ ትኬት የሚባለውም ይህ ነው፤ ሰውዬውን በርካሽ፤ ልብሱን በውድ። በቅድሚያ የተገዛ ኪሎ ማረፊያው ላይ ከሚገዛው ኪሎ ብዙውን ጊዜ ይረክሳል። በመዝጋቢው ፊት የቆመ ሰው ሌላ አማራጭ እንደሌለው ሻጩ ያውቃልና።

የትኬት ብዛት ሌላው ወጥመድ ነው። ከጎንደር እስከ አዲስ አበባ፤ ከአዲስ አበባም ወደ ውጭ በአንድ ትኬት የተገዛ ጉዞ ብዙውን ጊዜ አንድ የሻንጣ ደንብ ይዞ እስከ መጨረሻው ይዘልቃል። ለየብቻ የተገዛ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ትኬት የራሱ ሕግ አለው፤ የአንዱ ቸርነት ሌላውን አያስገድደውም። ባልንጀራችን የሄደበትና የተመለሰበት ደንብ አንድ መስሎት ነው የተጎዳው።

ወደ ምንዛሪው እንለፍ። ለጎንደር ሰው ይህ አዲስ ትምህርት ሊሆንበት ባልተገባ። አሞሌ ጨው ከአፋር በረሃ ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋው ሲወጣ ዋጋው በየገበያው ይለዋወጥ ነበር። ከጨው አገር በራቁ ቁጥር አንዷ ማርያ ትሬዛ ብር የምትገዛው አሞሌ እያነሰ ይሄዳል። በጎንደር አዲስ ዓለም ይኖሩ የነበሩት ነጋዴዎችም ወደ መተማ ሲወርዱ የምንዛሪውን ሒሳብ ያለ ወረቀት ያውቁት ነበር። ማርያ ትሬዛዋ ራሷ 1780 የሚል ዓመት የታተመባት፤ 28 ግራም ያህል የምትመዝን የብር ገንዘብ ናት። የአገራችን ነጋዴ በዘውዷ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦችና በትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ እየቆጠረ፤ የተፋቀውን ወይም እንግዳ መልክ ያለውን አልቀበልም ይል ነበር። ፈረንጆቹ ተጓዦች በዚህ ነገር ምን ያህል ይገረሙ እንደነበረ በጽሑፎቻቸው ተመልክቷል። እንግዲህ ያ የኢንተቤ መንዛሪ የባልንጀራችንን ዶላር በብርሃን ፊት ሲያገላብጥ የእኛን ቅድመ አያቶች ሥራ መሥራቱ ነበር። በምሥራቅ አፍሪካ የዶላር መንዛሪዎች አሮጌውን እትምና ትንንሹን ኖት ዝቅ ባለ ዋጋ መግዛታቸው የታወቀ ልማድ ነው፤ ያልታጠፈ፣ አዲስ፣ የመቶ ኖት ይወዳሉ።

በመንገዳችን ላይ አንድ ነገር እንጨምር። አንድ ሺሕ ማርያ ትሬዛ 28 ኪሎ ይመዝናል፤ ማለትም በዛሬው ደንብ ገንዘቡ ራሱ ትርፍ ሻንጣ ይሆንና ይከፈልበታል። ነገር ግን ያ ብር አንድ መልካም ጠባይ ነበረው፤ በመተማ ወዲህም ወዲያም፤ በቀይ ባሕር ዙሪያም ባሉ ገበያዎች ይታወቅ ነበር። የዛሬው ብራችን ቀላል ነው፤ ድንበር ሲሻገር ግን ቋንቋ እንደማያውቅ እንግዳ ዝም ይላል። ከአገር ይዞ መውጣቱም በሕግ የተወሰነ ነው።

ስለ ዋጋው ታሪክ አጭር ሒሳብ እናቅርብ። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ አንድ የአሜሪካ ዶላር የሚመነዘረው በ2 ብር ከ48 ሳንቲም ገደማ ነበር። በ1956 ዓ.ም. 2 ብር ከ50 ሆነ፤ ኋላም ወደ 2 ብር ከ7 ሳንቲም ዝቅ ብሎ ብዙ ዓመት ቆየ። በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ በአንድ ጊዜ 5 ብር ተደረገ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ደግሞ ከ57 ብር ተነሥቶ በዚያው ቀን ከ70 ብር አለፈ፤ ዓመት ሳይሞላውም ከ120 ብር በላይ ወጣ። ይህ ለሻንጣ ምን ያገባዋል የሚለን ቢኖር እንዲህ ያስበው፤ ኩባንያው ለአንድ ትርፍ ሻንጣ 100 ዶላር የሚያስከፍል ቢሆን፤ በ57 ሒሳብ 5,700 ብር ነበር። በ120 ሒሳብ 12,000 ብር ይሆናል። ኩባንያው ዋጋውን አንድ ሳንቲም አልጨመረም፤ ሻንጣውም አልከበደም። የጠዳው አባት የሚሸጠው ጤፍ ግን በዶላር አይሸጥም።

ኩባንያዎቹ በየአገሩ ገንዘብ እየተጨነቁ እንዳይኖሩ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1989 ጀምሮ የበረራ ዋጋ የሚሰላበት በእጅ የማይያዝ አንድ የጋራ መቁጠሪያ አላቸው፤ እርሱም በተግባር የአሜሪካን ዶላር የሚከተል ነው። ትኬት ጉዞው በሚጀመርበት አገር ገንዘብ ይጻፋል፤ ገንዘቡ ቶሎ ቶሎ በሚለዋወጥ አገር ደግሞ ዋጋው በዶላር ተወስኖ በሚከፈልበት ቀን የባንክ ምንዛሪ ይለወጣል። የትርፍ ሻንጣ ክፍያ ግን የሚፈጸመው ሻንጣው በሚመዘንበት ቦታ ነው። ከጎንደር ሲነሡ በብር የሚከፈለው በካምፓላ በብር አይከፈልም፤ ኩባንያው በመስኮቱ የሚጠቀምበት ምንዛሪም የመንዛሪው አይደለም። የ3,900ና የ3,300 ልዩነት ከዚህ የመጣ ነው፤ አንዱ ዶላር ሻጭ፤ ሌላው ዶላር ገዢ ነበር። ሁለቱም በየበኩላቸው ከመካከል ያተርፋሉ። ይህን ያወቀ ሰው ዶላሩን ወደ ሽልንግ፤ ሽልንጉን እንደገና ወደ ዶላር አያመላልስም።

ሻንጣ ቢጠፋስ? በዚህ ጊዜ ደግሞ ሌላ መቁጠሪያ ይመጣል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1929 በዋርሶ የተደረገው ስምምነት የካሣውን መጠን በወርቅ ፍራንክ ወስኖት ነበር፤ ለአንድ ኪሎ 250 ፍራንክ። ኢትዮጵያም ያለችበት የ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት ኪሎውን ትቶ በአንድ መንገደኛ ያስባል፤ መቁጠሪያውም ከዶላር፣ ከዩሮ፣ ከዩዋን፣ ከየንና ከፓውንድ ተቀላቅሎ በዓለም የገንዘብ ድርጅት የሚወጣው ነው። ከ2024 ታኅሣሥ መጨረሻ (በፈረንጅ) ወዲህ የካሣው ጣሪያ 1,519 ነው፤ አንዱም ከአንድ ዶላር ይበልጣል። ሻንጣ ተጎድቶ ቢገኝ በ7 ቀን፤ ዘግይቶ ቢመጣ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት ያስፈልጋል። ከጓደኞቻችን ብዙዎቹ ተቆጥተው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ እንጂ አይጽፉም፤ ያልጻፈ ደግሞ መብቱን ያጣል። ሻንጣው ላይ ሲታሠር የሚሰጠውን ቁራጭ ወረቀት መጣልም እንዲሁ ነው።

ባልንጀራችን አሁን በጠዳ መንገድ ላይ ሲያገኘን ስለ ስብሰባው አይነግረንም፤ ስለ ሦስቱ መጻሕፍት እንጂ። ሁለቱ የታሪክ፤ አንዱ የሥነ ጽሑፍ ናቸው፤ በእኛ መጻሕፍት ቤትም ፈልገን አላገኘናቸውም። የአክስቱ ልጅ በደኅና አስቀምጦለታል። ስለዚህ ከአንባቢዎቻችን ወደ ካምፓላ የሚሄድና ሲመለስ በሻንጣው ውስጥ ሁለት ኪሎ ቦታ የሚተርፈው ቢኖር በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በኩል እንዲያስታውቀን እንለምናለን። 9,000 ሽልንጉን ለሻይ እንሰጠዋለን።